የኤራሙን ድስት

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ካታሊን እስከ ክርኗ ድረስ አረፋ ውስጥ ነበረች። በግራ እጇ የከባዱን ብረት ድስት ጆሮ ይዛ በቀኟ ሆዱን በሽቦ ትፈገፍጋለች። ወደ ገንዳው የሚወርደው ውሃ ቀለም የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሯል። ዞር ስትል አጎት ፔዮ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመዋል፤ ለልቅሶ እንደመጣ ሰው ቆባቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ድስቱን እያጠብኩ ነዋ፣ አጎቴ። ለሐሙስ እንዲደርስ።»

«በሳሙና?»

«በሳሙና።»

«በሽቦ?»

እጇ ቆመ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ወደ ድስቱ ውስጥ አዩ። እስከ ትናንት እንደ ቁራ ላባ ያብረቀርቅ የነበረው ጥቁር ሆዱ ግራጫ ሆኗል፤ አዲስ የተላጨ ራስ የመሰለ ራቁት ብረት።

«ሰዎቹ ትናንት አባትሽን አጥበው ገነዙት» አሉ ፔዮ ቀስ ብለው። «ዛሬ አንቺ ደግሞ ድስቱን ገነዝሽው።»

ሳሎን የተቀመጡት ሴቶች አንገታቸውን ወደ ማድ ቤቱ ሰገግ አደረጉ። አክስቷ ግራሺ የቡና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ብቅ አለች፣ ድስቱን አየች፣ አማተበች።

«በስመ አብ! አንቺ ልጅ፣ ሃምሳ ዓመት ከትኩስ ውሃና ከጨርቅ በቀር ምንም ያልነካውን?»

«የቆሸሸ መስሎኝ።»

«የቆሸሸ!» አሉ ፔዮ። «ዶክተር ነች ይሉናል እኮ። ቦስተን ድረስ ሄዳ ነው የተማረችው።»

«ተዋት አንተ፤ አባቷ ነው የሞተባት።»

«እኔስ ሰው አልሞተብኝም?» ቆባቸውን ደፍተው በጓሮ በር ወጡ። በሩ ከኋላቸው ሁለቴ ተንገጫገጨ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኤራሙን እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ጓሮው ውስጥ ሸራ ከለበሰው አሮጌ የእረኛ ጋሪ ጥላ ሥር፣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ አረፈ። ግራሺ ቦስተን ላለችው ካታሊን ስትደውል መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ አደራውን ተናገረች። «የቀብሬ ማዕድ ላይ የሚቆረሰውን ዳቦ ካታሊን ትጋግረው። በእኔ ድስት፣ ከመሬት ውስጥ። ሌላ ሰው እንዳይነካው።» በዚህች ከተማ ከተራራ ወርደው ያረጁ እረኞች ዘንድ አንዱ ሲሞት የማዕዱ ዳቦ ከራሱ ድስት መውጣት አለበት። ድስቱ ለወራሹ የሚተላለፈው ከዚያ በኋላ ነው። ዳቦው ቢበላሽ ማንም ክፉ አይናገርም፤ ማንም ግን አይረሳውም።

ካታሊን ዳቦ ከጋገረች ሃያ አምስት ዓመት ሆኗታል። አውሮፕላን ውስጥ ሆና ሁሉንም በወረቀት አሰላችው፤ ኬሚስትሪ አስተማሪ አይደለች! ዱቄት ይህን ያህል፣ ውሃ ይህን ያህል፣ ሙቀት ይህን ያህል። የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር «ድስቱን ማጽዳት» ይላል። ስብ በብረት ላይ ደጋግሞ ሲነድ እንዴት እንደሚጠነክርና ቆዳ እንደሚሆን በየዓመቱ ለተማሪዎቿ ሰሌዳ ላይ ታስረዳለች። ያ ትምህርትና ይህ ድስት አንድ ነገር መሆናቸው ግን ሽቦው እጇ ላይ እስኪቆም ድረስ አልታያትም።

ድስቱን በፎጣ አድርቃ መስኮቱ ሥር አስቀመጠችው። ከመስኮቱ ባሻገር ተራሮቹ ይታያሉ፤ ጫፋቸው ላይ ገና በረዶ አለ። ጓሮ ካለው ከአባቷ ባዶ ወንበር ሥር ሹሪ፣ ነጩ ውሻው፣ አፍንጫውን በእግሮቹ መሐል ቀብሮ ተኝቷል። ከእሑድ ወዲህ ሴቶቹ የሰጡትን ሁሉ እያሸተተ ትቶታል።

አባቷ መጀመሪያ ተራራ ይዟት ሲወጣ ዐሥር ዓመቷ ነበር። ሁለት ሺህ በግ፣ አንድ በቅሎ፣ አንድ ውሻ፣ አጎት ፔዮ፣ ድስቱ። ኤራሙን ከሰው ጋር ሲሆን ቃል ይቆጥባል፤ ከድስቱ ጋር ግን ያወራል። «በል እንግዲህ፣ እንዳታሳፍረኝ» ይለዋል ፍም ሲጭንበት። ጠዋት ጉልበት የሚደርስ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ግንዱ ነጭ የሆነውን ዛፍና ግራጫውን ቁጥቋጦ ያነድድበታል። የቁጥቋጦው ጭስ መራራም ጣፋጭም ነው፤ ልብስ ውስጥ ከገባ ወር አይለቅም። እንጨቱ ፍም ሲሆን ግማሹን ዝቆ ያወጣል፣ ድስቱን ያስቀምጣል፣ የወጣውን ፍም ክዳኑ ላይ ይመልሳል፣ አፈር ያለብሰዋል፣ ወደ በጎቹ ይሄዳል።

«ብንጠብቀውስ?» አለችው።

«ዳቦና በግ አንድ ናቸው። ዓይን ዓይናቸውን ካየሻቸው ይደነግጣሉ።»

ማታ ማታ የበግ አንገት ከነጭ ሽንኩርትና ከቀይ ቃሪያ ጋር ያበስልበታል፤ ወይም ነጭ ባቄላ በርበሬ ከበዛበት ቋሊማ ጋር። ክዳኑን በብረት ሜንጦ ሲያነሳው ፊታቸው ላይ የሚመጣው እንፋሎት እስከ ዛሬ ትዝ ይላታል። የተራራው ብርድ ጀርባቸውን ይዞ፣ ድስቱ ከፊታቸው እየተንፈቀፈቀ፣ ሦስቱም ማንኪያቸውን ይዘው ዝም። ከዚያ ዝምታ የበለጠ ጨዋታ የትም አላገኘችም፤ በትልልቅ ከተሞች፣ በትልልቅ ገበታዎች ፈልጋው ነበር።

ዳቦው ሲወጣ ደግሞ የክዳኑን ቅርጽ ይዞ የተነፋ፣ የትንሽ መኪና ጎማ የሚያህል ነው። ኤራሙን በቢላዋው ጫፍ ጀርባው ላይ መስቀል ይሠራል፣ ይቆርሳል። የመጀመሪያው ቁራሽ የእሱ አይደለም፣ የፔዮም አይደለም፣ የእሷም አይደለም። ቁጢጥ ይልና መዳፉን ዘርግቶ ለውሻው «እንካ» ይለዋል። ወርውሮለት አያውቅም።

«ለምን እሱ ይቀድማል?»

«እሱ ስለማይጠይቅ።»

በሦስተኛው ቀን እሱ በጎቹ ዘንድ ሳለ አፈሩን ጫረች፣ ክዳኑን ከፈተች። ነጩ ቡሆ አንዴ ተንፍሶ ሟሸሸ። ኤራሙን ሲመለስ አየ። መሐሉ ያልበሰለውን ጠፍጣፋ ነገር ባረከ፣ ለውሻው ሰጠ፣ የራሱን ድርሻ እስከ መጨረሻው በላ።

«አባዬ፣ ሊጥ እኮ ነው» አለችው።

«ጨው አለው» አለ። «ጨው ካለው ዳቦ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ድስቱ ዝጎ አገኘችው። በአንድ ሌሊት ሆዱ ሁሉ ብርቱካን ቀለም አውጥቷል። ግራሺ ከኋላዋ መጥታ አየችና «የሆቴሉን ምጣድ እንዋስ ይሆን? ማን ያውቅብናል?» አለች በሹክሹክታ።

«ሟቹ» የሚል ድምፅ ከጓሮ መጣ። ፔዮ ናቸው፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ የበግ ጮማ ይዘዋል፣ ብብታቸው ሥር የአሮጌ ሸሚዝ ቁራጭ። «አምጪው ድስቱን። ወረቀትሽን ግን እዚያው ተዪው።»

ጋሪው አጠገብ እሳት አነደዱ። ፔዮ ዝገቱን በአመድና በጨርቅ አስፈገፈጓት፤ ከዚያ ጮማውን አቅልጠው ስስ አድርገው አስቀቧት።

«ስስ! ስስ አልኩሽ። ጸጉርሽን ነው እንዴ የምትቀቢው?»

ድስቱን በአፉ ደፍተው ፍም ላይ ጣሉት። ሲጨስ ጠበቁት፣ ሲበርድ ወለወሉት፣ ደግመው ቀቡት። ሦስተኛው ዙር ላይ የጮማው ጭስ ሳሎን ሲደርስ ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ ወደ ጓሮ መውጣት ጀመሩ። ኮኛክ ጠብ የተደረገበት ቡናቸውን ይዘው፣ «እግዜር ያጽናሽ» ብለው፣ ከዚያ ዓይናቸውን ድስቱ ላይ ያደርጋሉ።

«ምን ሆኖ ነው?» አሉ አንድ ጥቁር ኮት የለበሱ ሽማግሌ።

«ቦስተን ሄዶ ተምሮ መጣ» አሉ ፔዮ።

ሳቁ። ካታሊንም ሳቀች፤ ከመጣች ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ሽማግሌው ቡናቸውን አስቀመጡና ጨርቁን ከእጇ ወሰዱ። «በዚህ ድስት እኮ» አሉ ስቡን እያሹ፣ «በዚያ ክፉ በረዶ ጊዜ ስድስት ቀን ባቄላ አብልቶኛል። በጎቼ በሙሉ አልቀውብኝ፣ መሞት አምሮኝ፣ ወደ ሰፈሩ የመጣሁ ጊዜ። አንድ ቃል አልጠየቀኝም። ማንኪያ ሰጠኝ።»

ጨርቁን ከእሳቸው የሆቴሉ ባለቤት ተቀበለች። ወንዙ ዳር የሠራላትን ዓሣ በሩዝ አስታወሰች፤ «ባሌ እስከ ዛሬ ይቀናል» አለች። ሌላዋ ለሠርጓ ቀን ስለተጋገረው ዳቦ አወራች። ሁሉም ትንሽ ትንሽ አሹ፣ ትንሽ ትንሽ አወሩ። ካታሊን አባቷ ይህን ያህል ሰው ማብላቱን አታውቅም ነበር። ለእሷ በስልክ የሚነግራት የአየሩን ሁኔታ ብቻ ነው።

«ዳቦ የሚጋግረውን ማሽን ልከሽለት አልነበር?» አለች ግራሺ። «ለገና?»

«አዎ። ይጠቀምበት ነበር?»

«በደንብ እንጂ! ዶሮዋ ትተኛበታለች።»

ሰው ወደ ቤት ሲመለስ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ድስቱ ስድስት ጊዜ ተቀብቷል፤ ሆዱ ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር እየሄደ ነው። የጭሱ ሽታ ካታሊንን ወደ ሌላ ቀን ወሰዳት። ዐሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ለትምህርት ወደ ቦስተን ልትሄድ፣ የከተማው አውቶቡስ ማቆሚያ። አባቷ ገና ትኩስ የሆነ ዳቦ በዱቄት ከረጢት ጨርቅ ጠቅልሎ ጭኗ ላይ አኖረላት። «መንገዱ ረጅም ነው» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ሁለት ቀን ሙሉ ያ ዳቦ ጭስና በግ ሸተተ። ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ከቀጭን ወረቀት ውስጥ ቀጭን ሳንድዊች አውጥታ በላች፣ ከዚያ መስኮቱን ከፈት አደረገች። ካታሊን ቺካጎ አውቶቡስ ስትቀይር ጥቅሉን አግዳሚ ወንበር ላይ ተወችው፤ በኋላ «ረሳሁት» ማለት እንድትችል ዞራ ሳታይ።

«ያ ዳቦ» አሉ ፔዮ በድንገት፣ ሐሳቧን ያነበቡ ይመስል። «አውቶቡስ ላይ የሰጠሽ።»

ቀና አለች።

«ያን ቀን ከአንድ ቡሆ ሁለት ዳቦ ነው የጋገረው። አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለእኛ። አንቺን ሸኝቶ መጣና ቆረስን። ውሻው ቀመሰና ቀና ብሎ አየን። እኔም ቀመስኩ። ‹ኤራሙን፣ ጨው የታለ?› አልኩት። ፊቱን ባየሽው! ሲያቦካ ሐሳቡ አንቺ ጋ ሆኖ ረስቶታል። ጨው ረስቶ የማያውቅ ሰው! ‹ያለ ጨው ሰደድኳት› ይላል፤ ይተኛል፣ ይነሳል፣ ‹ያለ ጨው ሰደድኳት›። በሳምንቱ ይቅርታ ሊልሽ ብሎ፣ ስልክ ፍለጋ ከተራራ ወረደ።»

ካታሊን ስልኩን ታስታውሳለች። «ዳቦው እንዴት ነበር?» ብሎ ነበር የጀመረው። እሷም ሳታስጨርሰው፣ «በጣም ይጣፍጥ ነበር፣ አባዬ! አውቶቡሱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በላለት» አለችው። መስመሩ ላይ ረጅም ዝምታ ሆነ። ደስታ መስሏት ነበር።

«ተመልሶ መጥቶ ‹ጣፍጦኛል አለች› አለኝ» ቀጠሉ ፔዮ። «ሳቅኩበት። ‹ጥላዋለች› አልኩት። ‹አይ፣ በልታዋለች። እኔ እንዳላፍር ነው እንዲህ ያለችው› አለ። ይኸው ሃያ አምስት ዓመት ተከራከርን። ቅዳሜ ዕለት እንኳ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሆኖ፣ ‹አንተ ልጅ ስላልወለድክ ነው› አለኝ።»

«አጎቴ ፔዮ፣ እኔ...»

«ዝም በይ!» ስብ የጠገበውን ጨርቅ ፊቷ ላይ አወዛወዙት። «እንዳትነግሪኝ። እኔ ልክ ከሆንኩ ያሸነፍኩት ሙት ነው። እሱ ልክ ከሆነም ሄዶ የሚነግረው የለም። ከእሱ ጋር የቀረችኝ ክርክር ይቺ ብቻ ናት፤ ከነነፍሷ ተዪልኝ።»

ጨርቁን አስረከቧት። ሰባተኛውን ዙር ብቻዋን ቀባች፤ ስስ አድርጋ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ እርሾ የዋጠው ቡሆ ከሳህኑ አፍ በላይ ተነስቶ ነበር። ለፍትሐቱ የገዛችውን ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ላዩ ላይ የአባቷን ካፖርት ደርባ ለወሰች። ወረቀቷን አልፈለገችም። ጨውን በመዳፏ መሐል እንደ እሱ ለካች፤ በዚህ መሐል ፔዮ ከጓሮ «እሳቱ ደረሰ!» ብለው ጮሁ፣ ወጥታ አየች፣ ተመለሰች፣ ለወሰች። ድስቱን በስብ አብሳ ቡሆውን አኖረች። ጉድጓዱ ውስጥ አወረዱት፣ ፍሙን ክዳኑ ላይ ጫኑ፣ አፈር መለሱ።

«እዚህ ሆኜ ልጠብቀው?» አለች።

«አባትሽን ማን ይቅበርልሽ? ደግሞ እዚህ ከሆንሽ ትከፍችዋለሽ። አውቅሻለሁ።»

ቤተ ክርስቲያን ደርሳ ፊተኛው ወንበር ላይ ስትቀመጥ ጥርጣሬው መጣ። ጨውን ጨምሬያለሁ? መዳፏ ላይ የነበረው ይታያታል፤ ወደ ሳህኑ ሲወርድ ግን አይታያትም። ካህኑ ስለ ትንሣኤ ሰበኩ፤ እሷ ጨው ታስባለች። ሕዝቡ ሲነሳ ተነሳች፣ ሲንበረከክ ተንበረከከች። ስትመለስ መሶብ የሚያህለውን ሳህን ያየችው እንዴት ነበር? ጨው ላዩ ላይ ነበር? ወይስ ተመልሳ ነው የጨመረችው? መቃብሩ አፋፍ ላይ የመጀመሪያውን እፍኝ አፈር እንድትጥል ሲሰጧት፣ መዳፏ ላይ ያለውን አፈር ለአፍታ መዘነችው። ከዚያ ለቀቀችው። ድምፁ ዛሬ ጠዋት ክዳኑ ላይ ከወደቀው አፈር ድምፅ ጋር አንድ ነበር።

ከቀብር መልስ የቤቱ ጓሮ በሰው ሞላ። ጠረጴዛዎች ተዘርግተዋል፤ የበጉ ወጥ፣ ባቄላው፣ ወይኑ ቀርቧል። የዳቦው ቦታ ብቻ ባዶ ነው። ካፖርቷን አውልቃ አካፋውን አነሳች። አፈሩን ገፋች፣ አመዱን ጠረገች፣ ሜንጦውን ክዳኑ ጆሮ ውስጥ አስገባች። አነሳችው።

ዳቦው የክዳኑን ቅርጽ ይዞ ተነፍቷል። ቅርፊቱ ቀይ ቡናማ፤ አንድ ጎኑ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ድስቱን ስትገለብጠው አንድም ቦታ ሳይዘው ጨርቁ ላይ ዱብ አለ፤ ከሽማግሌዎቹ መሐል አንዱ ትንፋሹን ሲለቅ ተሰማት። በቢላዋው ጫፍ ጀርባው ላይ መስቀል ሠራች፤ ቆረሰች። እንፋሎቱ ወጣ፣ የቁጥቋጦው ጭስ ሽታ አብሮት።

ወደ ባዶው ወንበር ሄደች። በአዲሱ ጥቁር ቀሚሷ አመድ ላይ ቁጢጥ አለች፤ መዳፏን ዘረጋች።

«እንካ» አለች።

ሹሪ መዳፏን ረጅም ጊዜ አሸተተ። ከዚያ በከንፈሩ ጫፍ ብቻ ቁራሹን አንስቶ በላ፣ የቀረውን ፍርፋሪ ከጣቶቿ መሐል ላሰ።

ፔዮ አጠገቧ መጥተው ቆመዋል። ቆባቸው ደረታቸው ላይ ነው።

«ጨው አለው?» አሉ።

ካታሊን ለራሷ ቆረሰችና አፏ ውስጥ ከተተች። ሰው ሁሉ እያያት ቀስ ብላ አላመጠች፤ ቅርፊቱን፣ ልቡን፣ ጭሱን። ዋጠች።

«በዝቷል፣ አጎቴ» አለች። «ሁለቴ ነው የጨመርኩት።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። የገባቸው ነገር ፊታቸው ላይ ቀስ እያለ መጣ፤ የበዛ ጨው ያልደበቀች ልጅ ጨው የጎደለውን ቀምሳው ኖሮ ባልደበቀች ነበር። ፈገግ ሊሉ ሲሉ፣ ‹አልኩህ አይደል!› ሊሉ አፋቸውን ከፍተው ወደ ወንበሩ ዞሩ። ወንበሩ ላይ ማንም አልነበረም። አፋቸውን ዘጉ።

ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ከአመዱ አጠገብ ተቀመጡና መዳፋቸውን ዘረጉ። ካታሊን ከጠቆረው ጎን፣ እሳቸው ከሚወዱት፣ ቆርሳ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።